ከስምንት ሰዓት በኋላ የሚገባ ሰው

«ወንበሩ ላይ ኮት ካለ ሰው አለበት ብዬ እጽፋለሁ። ኮትም ቦርሳም ከሌለ ባዶ ነው፤ በቃ።»

ይኼን የሰማሁት ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ መወልወያዬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ እንዳጎነበስኩ ነው። የተናገረችው ሩዋይዳ የምትባል ልጅ ናት፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት፣ ባዶ ቢሮ እንድትቆጥር የተላከች፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ሰው ሰላም ሳትል የማታልፍ ጨዋ ልጅ። በፈረንሳይኛ ስልክ ታወራ ነበር። እኔ ይኼን ሕንፃ አሥራ ስምንት ዓመት ወልውዬዋለሁ፤ ቋንቋው ሳልፈልገው ተለጥፎብኛል። ባልዲው ተደፍቶ እግሬ ሲርስ እንኳ አልተንቀሳቀስኩም። ቢሮ ቁጥር አሥራ ሰባት ወንበር ላይ ዓመት እስከ ዓመት የሚሰቀለው ኮት ያን ቀን አልነበረም። ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ እኔ ናዒማ።

እውነቱን ለመናገር ቆጠራው ክፉ ነገር አልነበረም። መንግሥት እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር ውስጥ የሰው ቪላ ተከራይቶ ቢሮ ያደርጋል፤ የራሱ ሕንፃ ደግሞ ግማሹ ባዶ ነው። ክፍሎቹን ቆጥረን፣ ሰዉን ሰብስበን፣ ኪራዩን እንተው አሉ። ጎሽ! ይኼን ማን ይጠላል? ከሃያ ሁለቱ ክፍሎቻችን ዘጠኙ ሰው እንደማይገባባቸው ከማንም በፊት የማውቀው እኔ ነኝ፤ የቆሻሻ ቅርጫት አይዋሽም። ግን አጽጂን ማን ይጠይቃል? ያለፉት ሁለት ቆጠራዎች እሁድ እሁድ ነበሩ፤ እዚህ አገር ሳምንቱ የሚጀምረው እሁድ ነው። ሦስተኛውና የመጨረሻውም እሁድ ይሆናል ብዬ ተዘናጋሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

አሥራ ሰባት ቁጥር የሙሴ አቡዘር ቢሮ ነው። ሙሴ አቡዘር በወር አንዴ፣ ሲበዛ ሁለቴ፣ ጠዋት ብቅ ብሎ ይፈርምና ወንድሙ ሱቅ ይሄዳል። ኮቱ ግን አይሄድም። ኮቱ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳይቀር ሥራ ገብቷል። ክሊሙም፣ አየር ማቀዝቀዣውን እኛ እዚህ ክሊም ነው የምንለው፣ ለኮቱ ሲነፍስለት ይውላል፤ ከጠፋማ ሰውዬው አለመኖሩ ይታወቃላ! በሩ ገርበብ ብሎ፣ ክሊሙ እየነፈሰ፣ ኮቱ ወንበር ላይ ሆኖ ያየ አለቃ «ወጣ ብሎ ነው» እያለ ያልፋል። ሥራ ሲያበቃ፣ በስምንት ሰዓት፣ የሁሉንም ክፍል ክሊም ማጥፋት የኔ ሥራ ነው። የአሥራ ሰባትን አላጠፋም ነበር። ሌብነቴ ይኼ ነው፤ ሌላ የሰረቅኩት የለም።

ለማይሙና ስል ነው። ማይሙና የባሌ እናት ናት። ሰኔ ሲገባ እግሯ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት፤ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል አለና መድኃኒት ጽፎ «ከሙቀት አርቂያት፤ ሙቀቱ ነው የሚገድላት» አለኝ። ከሙቀት? ጅቡቲ ውስጥ? በሐምሌ? ካርቲየ አንድ የሚባለው ሰፈር ያለችው ክፍላችን የጣውላ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ናት። ከሰዓት በኋላ ግድግዳውን በእጅ መንካት አይቻልም፤ ቬንቲላተሩ የሚነፋው እሳት ነው። ክሊም ልግዛ ብል የመብራቱ ሒሳብ ብቻ ደሞዜን ውጦ ያገሳል። ሐኪሙ ያዘዘውን ብርድ የሚሸጥ ፋርማሲ የለም። እኔ ግን የት እንዳለ አውቅ ነበር፤ አሥራ ሰባት ቁጥር ውስጥ አንድ ኮት ብቻውን ይበርደዋል።

አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ከትቼ አመጣኋት፤ በጓሮ በር አስገብቼ ሶፋው ላይ አስተኛኋት። ዘበኛው ሙሚን አየኝ። ከሰባት ሰዓት በኋላ ጫቱ ከድሬ ስለሚገባ ጉንጩ ተወጥሯል። «እኔ ምንም አላየሁም፤ እኔም እናት አለችኝ» አለ። አላህ ይስጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ባለ ቀን ሁሉ ከስምንት ሰዓት እስከ መግሪብ እዚያ ነበርን። አርብና ቅዳሜ ግቢው ስለሚዘጋ እቤት እርጥብ ፎጣ እያለበስኳት እሁድን እንጠብቃለን። እነዚያን ሁለት ቀናት የምትችላቸው በሐሙሱ ብርድ ነበር። ሐሙስ ከቀረባት እንደማትዘልቅ አውቃለሁ፤ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም፣ ትንፋሿን ሌሊት ሌሊት የምሰማው እኔ ነኝ።

ደግሞ ሌላም ነገር ነበር። እኔና ማይሙና አሥራ አንድ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ኖረን አልተነጋገርንም ቢባል ውሸት አይደለም። ልጇ፣ ባሌ፣ በኦቦክ በኩል ባሕሩን ተሻግሮ፣ በየመን አድርጎ ሳዑዲ ልግባ ብሎ ሄደ። ከየመን አንዴ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። «በንዝንዝሽ ያባረርሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ ያኔ፤ ስሙም ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም። ስትፈልገኝ ለግድግዳው ነው የምትናገረው። «ውሃው አልቋል» ትለዋለች ግድግዳውን። እኔም «እሞላዋለሁ» እላለሁ ለባልዲው። እኛ የድሬ ልጆች አንቱ ማለት አንወድም፣ ፍቅር ይቀንሳል እንላለን፤ በኛ ቤት ግን አንቺም ጠፋ። ታዲያ ለምን አብረሻት ኖርሽ የሚሉኝ አሉ። የሰው እናት ናት፣ የት ልጣላት? ደግሞ አገጯና ቅንድቧ የሱ ነው፤ ስትተኛ እሱን አይበታለሁ።

አሥራ ሰባት ቁጥር መግባት በጀመርን በሁለተኛው ሳምንት ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ እኔ ዞረችና «ይኼ የሐረር አየር ነው። ጁገል ውስጥ ንጋት ላይ፣ ለሱብሂ ስንነሳ፣ ልክ እንዲህ ነው» አለችኝ። ደነገጥኩ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ታወራኝ ጀመር፤ ስለ አባቷ ሱቅ፣ ስለ ሠርጓ፣ ስለ አንድ ሌባ ጎረቤታቸው። ለካ ትንፋሽ ስታገኝ ተጫዋች ሴት ናት! ክፍሉ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ዞራ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ያ ኮት» ትላለች፤ እኔ በሳቅ እሞታለሁ። ባሌ ከሄደ ወዲህ ከልቤ የሳቅኩት እዚያ የመንግሥት ሶፋ ሥር ተቀምጬ ነው።

እሷ ግን የሰው ሐቅ ነው እያለች ትጨነቅ ነበር። «በሰው ቤት፣ በሰው ብርድ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ፤ ይኼ ነገ ይጠየቃል» ትላለች። እኔም ከበደኝ። ረቡዕ ማታ ስንወጣ ኮቱን አየሁት፤ ትከሻው ላይ የሦስት ዓመት አቧራ፣ ኮሌታው ጥቁር። ምን ሰይጣን እንደመከረኝ እንጃ፣ አጥቤ ልመልስለት፣ በዚህ ሐቁ ይውረድልን አልኩ። ማይሙናም «እሰይ!» አለች። እቤት ወስጄ በኦሞ ዘፈዘፍኩት። ለካ ኮት ውሃ አይነካም! ሱፉ ተኮማተረ፣ ገበሩ ከሥር ተንጠለጠለ፣ እጅጌው የሕፃን እጅጌ አከለ። አለቀስኩ ወላሂ። ሰፈራችን ልብስ የሚተኩስ የመናዊ ቤት ሮጥኩ። ኮቱን አገላብጦ አየና «ሞቷል፤ ግን እሞክራለሁ፤ ነገ ሦስት ሰዓት ነይ» አለኝ። ሩዋይዳ የመጣችው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

አሥራ ሰባት በር ላይ ስትደርስ ተከትያት ነበር። ወንበሩን አየች፣ ጠረጴዛውን በጣቷ ነካች፤ አቧራ የለውም፣ ማን የሚያጸዳው ሆኖ! ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ኤዶ ናዒማ» አለችኝ በሶማሊኛ፤ ኤዶ አክስቴ እንደማለት ነው። «እዚህ ቢሮ ሰው ይገባበታል?»

«ይገባበታል።»

«መቼ መቼ?»

«በየቀኑ። ከስምንት ሰዓት በኋላ።»

ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። ክፋት የለባትም፣ ከልቧ ነው የሳቀችው። «ኤዶ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ሰው የሚገባበት የመንግሥት ቢሮ ካገኘሽ ለኔም አሳይኝ፤ ለሚኒስትሩ እነግርልሻለሁ» አለችና በሩ ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፈች። ቪድ ይላል፤ ባዶ ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ለመንግሥት ሰው አንድ እውነት ብናገር ያን ቀን ነው፤ እሱም እንደ ቀልድ ተቆጠረልኝ። «የታመመች አሮጊት ናት የምትገባው» ልላት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ከዚያስ? በማግስቱ መወልወያዬን አስረክቤ ውጪ ነኝ፤ ከወጣሁ የማይሙናን መድኃኒት ማን ይገዛል? ዋጥኩት። 

ሦስት ሰዓት ሲሞላ ሙሚንን ለምኜ ካርቲየ አንድ ሮጥኩ። የመናዊው በእንፋሎት ጎትቶ ጎትቶ ኮቱን ኮት የሚመስል ነገር አድርጎታል። ይዤ ተመለስኩ፣ ወንበሩ ላይ ሰቀልኩት፣ ሩዋይዳን እጇን ይዤ «ይኸው፣ ኮት አለ» አልኳት። «ቆጠራው ተልኳል፤ አሁን ቢመጣ ምን ዋጋ አለው» አለችኝ። አምስት ሰዓት ላይ ሙሴ አቡዘር ራሱ ከች አለ። ቢሮህ ተወስዷል፣ ፎቅ ላይ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ጠረጴዛ ተሰጥቶሃል አሉት። እኔ ይጮኻል፣ ይሟገታል፣ ቢሮዬን መልሱ ይላል ብዬ ዱዓ እያደረግኩ ነበር። እሱ «ወንበር አለው?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። አለው አሉት። ኮቱን አንስቶ፣ አንዴም ሳያየው፣ ፎቅ ወጥቶ አዲሱ ወንበሩ ላይ ሰቀለውና ሄደ። ይኸው ነው። ኮቱ ቦታ አገኘ።

ከዚያ ደግሞ ወንበር ማጋዝ መጣ። ከየክፍሉ የተረፈው፣ እግሩ የተሰበረው፣ ጀርባው የወለቀው ወንበር ሁሉ አንድ ቦታ ይቀመጥ ተባለ። የት? ባዶው አሥራ ሰባት ቁጥር። ልፋ ያለው በሕልሙ ሸክም ሲሸከም ያድራል፤ ወንበሩን የተሸከምኩት እኔው ነኝ፣ ከሁለት የቀን ሠራተኞች ጋር። ሠላሳ አንድ ወንበር ቆጥሬያለሁ። ማይሙና ትተኛበት የነበረው ሶፋ ላይ ሰባቱን ደረደርናቸው። ሠራተኞቹ ስላላባቸው ክሊሙን እስከ መጨረሻው ከፍተውት ነበር። ሥራው ሲያልቅ የዋናው መሥሪያ ቤት ሹፌር መጥቶ በሩን ቆለፈ፣ ቁልፉንም ሪሞቱንም ኪሱ ከተተ። «ክሊሙ አልጠፋም» አልኩት። «እሁድ ይጠፋል፤ እኔ ቆልፍ ነው የተባልኩት» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። የጓሮውን በር ቁልፍም ይዞት ሄዷል።

እቤት ስደርስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ያን ሳምንት ከምዕራብ የሚነሳው ሐምሲን፣ የበረሃው ትኩስ ነፋስ፣ ቁራዎቹን እንኳ ከሽቦ ላይ አውርዷቸው ነበር። ማይሙና ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ ጫማዋን አድርጋ ደጃፉ ላይ ትጠብቀኛለች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ከንፈሯ ሰማያዊ። ግን ስታየኝ ተነሳች፣ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። «ዛሬ ዘገየሽ፤ ኮቱን መለስሽለት?» አለችኝ።  «መለስኩለት ኡሚ፣ እናቴ» አልኩና ታክሲ ጠራሁ። ምን ላደርግ ነው የወሰድኳት? እኔም አላውቅም። ሙሚን አንድ መላ አያጣም ብዬ ይሆናል። እዚያ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት፣ ቀና ብላ እያየችኝ «የለም፣ ቀርቷል» ማለት አልቻልኩም።

ሙሚን ከሩቅ ሲያየን ተነስቶ መጣ። ጫቱን ከአፉ አውጥቶ ጣለ። «ናዒማ፣ የለኝም። ወላሂ አንድም ቁልፍ አልተዉልኝም» አለና መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ፤ ባዶ እጁን። ሊሄድ ፊቱን አዞረ፤ ግን ትቶን መሄድ አላስቻለውም። ማይሙና መቆም ስላልቻለች ወደ ጓሮ ወሰድኳት። ከአሥራ ሰባት ቁጥር ኋላ፣ ግድግዳው ሥር፣ አንድ ክንድ የማትሞላ ጥላ አለች። እዚያ አስቀመጥኳት። ከራሳችን በላይ የክሊሙ ሞተር ያጓራል፤ ከውስጥ የሚያወጣውን ሙቀት ወደ ውጪ፣ ወደ እኛ ይተፋዋል። ከሥሩ ግን በቀጭን ቱቦ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ቀዝቃዛ ውሃ። እጄን ደቀንኩና ግንባሯን አበስኩላት፣ አንገቷን፣ እጇን። ፊቷን ወደ እጄ አስጠጋች።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ጆሮዋን ወደ ላይ አዞረች። «ይሠራል። ሰው ገባበት እንዴ?»

«ገባበት ኡሚ።»

«ሠራተኛ ነው?»

«ሠራተኛ ነው። አዲስ ነው፤ ከሰዓት በኋላም ይሠራል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። እኔ ትከፋለች ብዬ ነበር፤ ፊቷ ፈታ አለ። «ቢሮ ሰው ሲሠራበት ነው የሚያምር። የኛ እኮ ሐራም ነበር። አሁን ቀለለኝ። ስሙ ማን ይባላል? ዱዓ ላድርግለት።»

ስም ከየት አባቴ ላምጣ? ውስጥ ያለው ወንበር ነው። ሠላሳ አንድ ወንበር። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ዓብዱልመጂድ።»

የባሌን ስም። የልጇን ስም። ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት ምላሴ ሥር ተቀምጦ ኖሯል።  ወደቡ ላይ አንድ መርከብ ጮኸ፣ ውሃው ይንጠባጠባል፣ እኔ እጄን ደቅኜ ልትናገር ያለችውን እጠብቃለሁ። ትሰድበኛለች አልኩ። ዳግመኛ ለግድግዳው ታወራለች አልኩ።

«ስሚኝ» አለች ወደ እኔ ዞራ። «አንቺ አላባረርሽውም። እኔ ነኝ አምባሬን ሸጬ ለደላላው የከፈልኩለት። ለናዒማ እንዳትነግራት አልኩት።»

«ለምን ኡሚ?»

«ብታውቂማ ታስቀሪው ነበራ!»

 አሥራ አንድ ዓመት! ማታ ማታ «ምን ብዬው ይሆን? የቱ ቃሌ ነው ለመሄድ ያስቆረጠው?» እያልኩ ራሴን የበላሁት፣ ሰው «ባሏን ያባረረች» ሲለኝ አንገቴን የደፋሁት። ተነስቼ ጥያት ልሄድ አሰብኩ፤ አልዋሽም፣ አስቤያለሁ። እጄ ግን ውሃውን እየደቀነ ግንባሯን ማበሱን አልተወም። እሷም አላለቀሰችም፤ ለእንባ የሚሆን ትንፋሽ አልነበራትም። ሁለት እጇን ከጉልበቷ ላይ አንስታ ወደ ግድግዳው ዘረጋች።

«ያ ረቢ፣ እዚህ ውስጥ ለተቀመጠው ለዓብዱልመጂድ ሥራውን አቅናለት። ከሙቀት ጠብቀው። ያስቀየመውን ሁሉ ይቅር አስብለው። እናቱ ዘንድ በሰላም መልሰው።»

«አሚን» አልኩ።

ማይሙና የሞተችው ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው፣ እርጥቡ ፎጣ ደረቷ ላይ እንዳለ። አርብ ዕለት ሁለቴ ሦስቴ ስሜን ጠራችኝ፤ ውሃ ነው የጠየቀችኝ፣ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። ከዓስር ሶላት በኋላ ቀበርናት። ለባል እናት ፈቃድ አይሰጥም፤ እሁድ ጠዋት ሥራ ገባሁ።

ሩዋይዳ ቁልፉን ይዛ መጥታ ነበር፤ ወንበሮቹን መመዝገብ ፈልጋ። አሥራ ሰባትን ስትከፍት ብርዱ ኮሪደሩን ሞላው፤ ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት የተጠራቀመ ብርድ። «ያ ሰላም! ክሊሙ ከሐሙስ ጀምሮ? ለወንበር? እኛ የምንታገለው እኮ ይኼንን ብክነት ነው» አለችና ሪሞቱን ሰጠችኝ። «ኤዶ ናዒማ፣ እባክሽ አጥፊው።»

ገባሁ። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ብረቱ በቀሚሴ አልፎ ሰውነቴን ሰቀጠጠኝ። ልጅቷ ፊቴን አይታ ምን ሆንሽ አለችኝ። ሪሞቱን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«ተይው፣ ትንሽ ይብራ» አልኳት።